የአንድ ሰው ቦክስ ጊታር በጎንደር ፒያሳ፦ ከዕረፍቱ በፊትና ከዕረፍቱ በኋላ

ቀሐ ዳር (ውይይቱን የከፈቱት) | ጥቅምት 20

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ በጎንደር ከተማ ፒያሳ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠሩት ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት በሚገኝ አነስተኛ ካፌ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት ጊታሪስት ያለ ባንድ፣ ያለ ኪቦርድና ያለ ድምፃዊ፣ አንዲት ቦክስ ጊታር ብቻ ይዞ ያቀረበውን ዝግጅት ታድሜ ነበር። መግቢያው ከአንድ ማኪያቶ ወይም ለስላሳ ጋር 300 ብር ሲሆን፣ የተደረደሩት 42 ወንበሮች ሁሉም ሞልተው ነበር። ሰው ሳይመሽበት ወደ ቤቱ እንዲገባ ታስቦ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተጀምሮ 12 ሰዓት ከመሆኑ በፊት ተጠናቀቀ። ነገሩ የጨዋታው ማማር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለወዳጆቼ ነግሬ እተወው ነበር። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን በመጀመሪያውና በሁለተኛው ክፍል መካከል የነበረው ልዩነት ነው። ተጫዋቹ ያው፣ ጊታሩ ያው፣ ክፍሉም ያው ሆኖ ሳለ፣ ከዕረፍቱ በፊትና በኋላ የሰማሁት ሁለት የተለያየ ሙዚቃ ነበር።

እንደ አብዛኞቻችሁ እኔም ያደግሁት በአዝማሪ ጨዋታ ነው። አዝማሪ ቤት ስገባ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግጥም እሰጣለሁ፣ «ተቀበል» እላለሁ፣ ስሜ ሲነሣ ተነሥቼ እሸልማለሁ፣ ከጎኔ ካለው ሰው ጋር እየተጫወትሁም ዜማው ሳያመልጠኝ አመሻለሁ። ቅዳሜ ዕለት ብዙዎቻችን የገባነው በዚሁ ልማድ ነው። ጊታሪስቱ የመጀመሪያውን ዜማ ሲጀምር ዘግይቶ የሚገባው ሰው ወንበር ይጎትታል፣ የተቀመጠው ጤንነት ይጠያየቃል፣ የማኪያቶው ማሽን እንፋሎቱን ይለቃል። ይህን ማንም በንቀት አላደረገውም፤ ሲያወሩ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው በየዜማው መጨረሻ ከልባቸው ሲያጨበጭቡ አይቻለሁ።

ሆኖም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ የምሰማው የእያንዳንዱን ድምፅ መነሻ ብቻ መሆኑን ቀስ በቀስ ተረዳሁ። ማሲንቆ በደጋን ስለሚገዘገዝ አዝማሪው ደጋኑን እስከ ሳበ ድረስ ድምፁ አይቋረጥም፤ ጫጫታው ሲበረታበት ጠበቅ አድርጎ ይስባል፣ የራሱንም ጉሮሮ ይጨምርበታል። የጊታር ክር ግን በጣት ተነክቶ ከተለቀቀ በኋላ የሚጨመርለት ጉልበት የለም። ሲነሣ ጎልቶ ይሰማል፣ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ መድከም ይጀምራል፣ ብቻውን የሚጫወት ሰው ደግሞ አንዱን ድምፅ ከቀጣዩ ጋር የሚያገናኘው በዚያ በሚደክመው ጭራ ነው። ጫጫታ ባለበት ቤት መነሻው ይሰማል፣ ጭራው ይዋጣል፤ ዜማውም እንደ ተበጠሰ ጨሌ የተበታተነ ይመስላል። በመጀመሪያው ክፍል «ይህ ልጅ ለምን ይቆራርጠዋል?» ብዬ በልቤ ፈርጄበት ነበር። የቆራረጥነው ግን እኛ ነበርን።

በዕረፍቱ ሰዓት የካፌው ባለቤት ሁለት ነገር አደረጉ። መጀመሪያ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ትእዛዝ እንደማይቀበሉና ማሽኑም እንደማይሠራ በትሕትና ተናገሩ። ቀጥሎም ማንንም ሳያማክሩ ከኋላ ወደ ቆመው ትልቅ የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሄደው ከሶኬቱ ነቀሉት። ማቀዝቀዣው ሲጠፋ የክፍሉ ጣሪያ ከፍ ያለ መሰለኝ፤ ያ ድምፅ መኖሩን እንኳ ያወቅሁት ሲቋረጥ ነው። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ በትዝታ ሲገባ ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ሹክሹክታ፣ የደከመው ባስ ከቀጭኑ ክር ሥር ሲቆይ፣ በሁለት ዜማዎች መካከል የሚተነፍሰው ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማኝ።

ከሁሉ በላይ ያልጠበቅሁት ግን ይህ ነው። ተጫዋቹ ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ሊሻገር ክሮቹን ሲቃኝ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦

*ስድስቱን ክር ሲቃኝ አየሁት በዓይኔ፣*
*አንዱን የላላውን ማን ያጥብቀው ለእኔ።*

ግማሹ ሰው «ጸጥታ!» አለ፣ ግማሹ አጨበጨበ። ጊታሪስቱ ቀና ብሎ አያቸው፣ ጥቂት ዝም አለ፣ ከዚያም ሊጫወት ያሰበውን ትቶ የእርሳቸውን ግጥም አካሄድ በሚመስል አጭር ዜማ መለሰላቸው። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ አልወሰንሁም። ጸጥታውን ወድጄዋለሁ፣ ግጥሙንም ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ክፍል እንዴት እንደሚኖሩ አላውቅም። በዚያ የነበራችሁ ምን ሰማችሁ?

የአዘዞው | ጥቅምት 20

ወንድሜ፣ እኔም ነበርሁ፤ ነገር ግን ከአዘዞ የተሳፈርሁበት ባጃጅ ስለ ዘገየ የደረሰኝ ወንበር የመጨረሻው ረድፍ፣ ከዚያው ማቀዝቀዣ ጎን ነበር። እርስዎ ጭራው ጠፋ ይላሉ፤ ለእኔ ግን ሌላም ነገር ነበረ። በመጀመሪያው ክፍል ወፍራሙ ክር በተመታ ቁጥር ድምፁ ይርገበገብ ነበር፣ እንደ ራስ ምታት ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ጊታሩ የተበላሸ ወይም ያልተቃኘ መስሎኝ ነበር። ከዕረፍቱ በኋላ ግን ያው ክር ጥርት ብሎ ወጣ። ከፊት የተቀመጠውም እኔም የከፈልነው እኩል 300 ብር ነው፤ የሰማነው ግን እኩል አልነበረም። ይህን የሚያስረዳ ባለሙያ ካለ ብሰማው ደስ ይለኛል።

ድምፅ አስተካካይ | ጥቅምት 21

በሠርግና በአዳራሽ ዝግጅቶች ላይ ሞንታርቦና ሚክሰር ሳስተካክል ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ በዚህ ዝግጅት ላይ አልነበርሁም። የአዘዞው ወንድማችን የሰሙት መርገብገብ ግን የጆሮ ስሕተት አይደለም፤ ምክንያቱ በቁጥር ሊነገር የሚችል ነው።

በአገራችን የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ማቀዝቀዣና ትራንስፎርመር ያላቸው መሣሪያዎች የሚያሰሙት እምምታ ብዙውን ጊዜ የዚህ እጥፍ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ ወይም 100 ኸርዝ። አሁን ወደ ጊታሩ እንመለስ። በተለመደው ቅኝት የወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት (አንገቱን የሚከፍለው የብረት ዘንግ) ሶል ነው፤ ይህ ሶል በሰከንድ 98 ጊዜ ይርገበገባል። ሁለት እጅግ የተቀራረቡ ድምፆች አብረው ሲሰሙ ጆሮ ሁለት ብሎ አይለያቸውም፤ በልዩነታቸው ልክ የሚያብጥና የሚሟሽሽ አንድ ድምፅ አድርጎ ይሰማቸዋል። የ100 እና የ98 ልዩነት 2 ነው። ስለዚህ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል ሰምተዋል ማለት ነው፤ ከማቀዝቀዣው ጎን ስለ ነበሩም ከሌላው ሰው ይልቅ ጎልቶ ተሰምቶዎታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «ድምፁ ካልተሰማ ለምን አይጨመርም?» ይላል። የቦክስ ጊታር ሆድ በራሱ በ100 ኸርዝ አካባቢ በቀላሉ የሚነሣሣ ባዶ ሣጥን ነው። ማይኩን ከቀዳዳው ፊት አድርጎ ሞንታርቦውን መጨመር ሣጥኑ የራሱን ድምፅ መልሶ እንዲውጥና እንዲጮኽ ማድረግ ነው። ልምድ ያለው ሰው ማይኩን ከቀዳዳው ፈቀቅ አድርጎ አንገቱ ከሣጥኑ ወደሚገናኝበት ያዞረዋል፣ የወፍራሙን ድምፅ ከሚክሰሩ ጥቂት ይቀንሳል፣ ከዚያ በላይ ግን መጨመሩን ትቶ ክፍሉን ጸጥ ማሰኘት ይመርጣል። ገላጣ ሜዳ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል። በድንጋይ ግድግዳ ቤት ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ቅናሹ ያን ያህል አይደለም፤ ሆኖም ግድግዳው ጊታሩን እንደሚመልስ ሁሉ የሰዉንም ወሬ ይመልሳል። ባለቤቱ ማቀዝቀዣውን መንቀላቸው በዚያ ክፍል ውስጥ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ የበለጠ ሥራ ሠርቷል። በሩ ካልተከፈተ ለአንድ ሰዓት ለስላሳው ምንም አይሆንም።

ክራር ተማሪ | ጥቅምት 21

የድምፅ አስተካካዩን ጽሑፍ ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ምክንያቱም ያ ሶል እንዲሁ በአጋጣሚ የተመታ ድምፅ አልነበረም። ዝግጅቱን የተከታተልሁት ከግራ በኩል፣ የተጫዋቹን ጣት በደንብ ከማይበት ቦታ ነው። ትዝታን የተጫወተው ከሶል ተነሥቶ ነበር። ሜጀር የሚባለው ትዝታ ከዶ ቢነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ከሶል ሲነሣ ደግሞ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናል። ጊታርን በተለመደው ቅኝቱ ተመልከቱት፦ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ። ስድስቱም ልቅ ክሮች አንዳቸው ሳይቀሩ በዚያ ትዝታ ውስጥ የሚገኙ ናቸው! ምንም ሳይጫኑ ሁሉንም ቢያንኳኩ ከቅኝቱ አይወጡም። ክራር የምንማር ሰዎች ይህን ስናውቅ ጊታር እንግዳ መሆኑ ይቀራል፤ የእኛም ክራር ስድስት ክር ሲሆን አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች፣ ስድስተኛው ደግሞ የመጀመሪያው ድምፅ እጥፍ ነው።

እንግዲህ ማቀዝቀዣው ሲጣላ የነበረው ዜማው ከሚያርፍበት ከዋናው ድምፅ ጋር ነበር። ዜማው ዞሮ ዞሮ ቤቱ ሲገባ በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ እንደሚጠብቀው ነው። በመጀመሪያው ክፍል ትዝታውን ሳያስደስተኝ አልፌው፣ በሁለተኛው ክፍል በድጋሚ ሲጫወተው ዓይኔ እንባ ያቀረረው ለምን እንደ ሆነ አሁን ገባኝ።

ስለ መቃኘቱም ልናገር፤ ከኋላዬ የነበሩ ሰዎች «አሁንም ይቃኛል?» ሲሉ ሰምቻለሁና። የጥቅምት ምሽት በጎንደር ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። መሣሪያው ከደጅ ገብቶ 42 ሰው በሚተነፍስበት ክፍል ሲሞቅ የናይለን ክር ከቅኝቱ ይዛነፋል። በዚያ ላይ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲሻገር ወፍራሙን ክር ለውጦ ቃኝቶታል፤ አንቺሆዬ ጠባብ እርምጃዎች ያሉበት ቅኝት ስለሆነ ትንሿ መዛነፍ ታስታውቃለች። ሳይቃኝ ቢቀጥል ኖሮ የሚወቀሰው እርሱ ነበር።

ቁስቋም ሰፈር | ጥቅምት 22

በአክብሮት ልቃወም። ከሁሉም ጽሑፎች የምረዳው ጥሩ ሰሚ ማለት ዝም የሚል ሰው ነው የሚል አሳብ ነው። በጎንደር ሙዚቃ የሁለት ወገን ሥራ ነው። አዝማሪው ከሰሚው ግጥም ካልተቀበለ ግማሹ ጨዋታ ጎድሏል፤ ሰሚውም ዝም ካለ ተጫዋቹ «አልተወደድሁም» ብሎ ያዝናል። አንድ ወጣት ከሩቅ መጥቶ በከተማችን ሲጫወት በከተማችን ወግ ልንቀበለው ይገባል እንጂ፣ ሌላ አገር ባለ አዳራሽ እንደምንገኝ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። ለእኔ የዝግጅቱ ምርጥ ቅጽበት የአዛውንቱ ግጥም ነበር። «ጸጥታ» ያሉት ሰዎች አሳፍረውኛል፤ ሰውዬው በአባት ዕድሜ ያሉ ናቸው።

ቀሐ ዳር | ጥቅምት 22

የቁስቋሙ ወንድሜ፣ አዛውንቱን በመገሠጽ ያሳፈሯቸውን ሰዎች በተመለከተ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ዝም ብሎ መስማት የሌላ አገር ወግ ነው ባሉት ግን አልስማማም። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር የሰማ ሰው ይህን አይልም። 10 አውታር ያለው፣ ድምፁ እንደ ንብ የሚያዜም መሣሪያ ሲደረደር በቤታችን ሕፃን እንኳ ድምፁን አያሰማም ነበር፤ እናቴ የከሰል ማንደጃውን ሳይቀር ከክፍሉ ታወጣው ነበር፣ ከሰሉ ይንጣጣል ብላ። ይህን ያስተማራት ሰው የለም። ክራር ይዘው ለብቻቸው ያዜሙ የነበሩት ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁም ቢሆኑ፣ ድምፃቸው ዝቅ ባለ ጊዜ ሰው ወደ እነርሱ ዘንበል እንዲል እንጂ እንዲጫጫ የሚጋብዙ አልነበሩም። ሁለቱም ወግ የእኛው ነው። ቅዳሜ የተቸገርነው የትኛውን ይዘን እንደምንገባ በሩ ላይ የነገረን ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል።

ልደታ | ጥቅምት 22

በመድረኩ ላይ ብዙ ጊዜ አልጽፍም፤ ነገር ግን ግጥሙን የሰጡት አዛውንት የእናቴ ወንድም ስለሆኑ ዝም ማለት አልቻልሁም። ወደ ዝግጅቱ የወሰድኋቸው እኔ ነኝ። ጽሑፉን ካነበብሁላቸው በኋላ «ለምን በዚያ ሰዓት ተናገሩ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የመለሱልኝን በራሴ አነጋገር አቀርበዋለሁ። አዝማሪ ዜማውን አሳርፎ ማሲንቆውን ብቻ በዝግታ የሚገዘግዘው ከሰው ግጥም ሲጠብቅ ነው፤ ያን ጊዜ ዝም ማለት ተጫዋቹን ማሳፈር ነው። ጊታሪስቱ ዜማውን አሳርፎ ክሮቹን አንድ በአንድ ሲነካካ ያው ምልክት መሰላቸው። ማንም ሰው ግጥም ሳይሰጠው ሲቀር ልጁ እንዳይከፋው ብለው እርሳቸው ተነሡ። በጨዋታው መካከል ግን አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ሻያቸውን እንኳ ሳይጠጡት ቀዝቅዞ ቀርቷል።

ከዝግጅቱ በኋላ ተጫዋቹ ወደ እርሳቸው መጥቶ ጉልበት ሳመ፣ ግጥሙንም በስልኩ ላይ ጻፈው። «ጸጥታ» የተባሉት ከፍቷቸው እንደ ሆነ ጠይቄአቸው ነበር፤ «ልጆቹ እርሱን አክብረው ነው» አሉ።

የአዘዞው | ጥቅምት 23

እኅቴ፣ ይህን ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። እውነቱን ልናገር፤ «ጸጥታ» ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። ከኋላ ሆኜ ማን እንደ ተናገረ አላየሁም፤ በመጀመሪያው ክፍል የሰለቸኝ ጫጫታ ተመልሶ የመጣ መስሎኝ ነው። አጎትዎን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። የሚቀጥለው ዝግጅት ሲኖር ብችል ጎናቸው እቀመጣለሁ።

ማራኪ ግቢ | ጥቅምት 23

ተማሪ ነኝ፤ ለ300 ብሩ ሁለት ሳምንት ቆጥቤአለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፊት ለፊቴ የነበሩ ሁለት ሰዎች ዝግጅቱን ሁሉ በስልክ ሲቀርጹ፣ የስልኩ መብራት ተጫዋቹ ፊት ላይ እየበራ ደጋግሞ ዓይኑን ሲጨፍን አይቻለሁ። አንድ ዜማ ቀርጾ ስልኩን ኪስ መክተት ይቻላል።

አስተናጋጇ | ጥቅምት 24

ይህን ውይይት አንድ ደንበኛችን አሳይተውኝ ነው የተመዘገብሁት፤ ቅዳሜ ዕለት በዚያ ካፌ ሳስተናግድ ነበር። በማሽኑ ጉዳይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከእኛም ወገን ያለው ይታወቅ። መግቢያው ማኪያቶን የሚጨምር ስለ ነበር ከበር የገባው ሁሉ ወዲያው መጠጡን ጠየቀ፤ ለ40 ሰው ማኪያቶ ለማድረስ ማሽኑ ያለ ዕረፍት መሥራት ነበረበት፣ ጨዋታው ደግሞ በሰዓቱ ተጀመረ። እኔ ራሴ ሙዚቃ ስለምወድ ወተቱን በፎጣ ሸፍኜ ለማፍላት ሞክሬ ነበር፤ አልሆነም። በሁለተኛው ክፍል ትእዛዝ ሲቆም የእኛ ጉርሻ እንደሚቀርም ይታሰብ። ያም ሆኖ ግድግዳውን ተደግፌ የሰማሁበት ያ ሰዓት በዚህ ሥራ ከቆየሁበት ጊዜ ሁሉ የማስታውሰው ይሆናል።

ቀሐ ዳር | ጥቅምት 24

እኅቴ፣ ስለ ጉርሻው አንዳችንም አለማሰባችን ትክክል አልነበረም። የሚቻል ከሆነ ለባለቤቱ ይህን አሳብ አቅርቢልን፦ በር 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈት፣ መጠጡ ሁሉ ከ10 ሰዓት በፊት ይቅረብ፣ ጉርሻውም ያኔ ይሰጥ፤ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ለስላሳ ብቻ ይውሰድ። ተጫዋቹም በሁለት ዜማዎች መካከል አንድ ጊዜ ለግጥም ክፍት አድርጎ አስቀድሞ ቢነግረን፣ የልደታዋ እኅታችን አጎት መቼ እንደሚነሡ ያውቃሉ፣ እኛም መቼ ዝም እንደምንል እናውቃለን።

ቁስቋም ሰፈር | ጥቅምት 24

በዚህ እስማማለሁ፤ ለግጥም የሚሰጠው ጊዜ ግን አንድ ብቻ አይሁን። ቢያንስ ሦስት ይሁን።

ድምፅ አስተካካይ | ጥቅምት 25

ማቀዝቀዣውን በየጊዜው መንቀልና መሰካት ለሞተሩ ጥሩ አይደለም፤ በተለይ ከነቀሉት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆዩ መልሶ መሰካት ይጎዳዋል። ከተቻለ ወደ ጓዳ ቢዛወር ይሻላል። ለሚቀጥለው ዝግጅት ማይኩን ያለ ክፍያ አስተካክላለሁ።

አስተናጋጇ | ጥቅምት 26

ለባለቤቱ ነግሬአቸዋለሁ። በሩ 9 ሰዓት ተኩል እንዲከፈት ተስማምተዋል፤ ሦስቱን የግጥም ጊዜ ከተጫዋቹ ጋር እነጋገርበታለሁ ብለዋል። ማቀዝቀዣው ወደ ጓዳው እንዳይገባ ያስቸገረው በጓዳው ውስጥ ሶኬት አለመኖሩ ነው። ዛሬ ጠዋት ከመክፈታችን በፊት ከባንኮኒው ሥር ካለው ሶኬት እስከ ጓዳው ጥግ ድረስ በሜትር ለካሁት፤ በግድግዳው ሥር ቢዞር 7 ሜትር ሽቦ ይበቃል።